የስንዴው ማዕከል የመሠረት ድንጋይ

ዶክተር ጋዛንፈር በፑንጃብ ወዳለው ቻንድፑር ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ሲገባ ግቢው አራት የትምህርት ክፍል፣ አንድ የብስክሌት ማቆሚያና ከመምህሩ ቁጥር የሚበልጥ የቤት ጎሽ ነበረው። ዛሬ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ አርባ ሺህ ተማሪና አንድ መቶ አሥራ ሁለት የትምህርት ክፍል አለው። ባለፈው ዓመት ብቻ ሁለት ሺህ ጥናት አሳትሟል፤ ማን እንዳነበባቸው የሚያጠና ክፍል ግን ገና አልተከፈተም። በየጥጋጥጉ የመሠረት ድንጋይ አለ። ጥቂቱ ሕንፃ ወጥቶለታል፤ የቀረው የባለሥልጣን ስም ተሸክሞ ፀሐይ ይሞቃል።

ጋዛንፈር በዚህ ሁሉ እድገት መሀል ያሳደገው ነገር ቢኖር ስንዴ ነው። በጀርባው በር አጠገብ ባለች ቁራሽ ማሳ ላይ ቢጫ ዋግ የማይደፍረው ዘር ለማግኘት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያዳቅል ኖሯል። አርባ አንድ መደብ አለው፤ ለእያንዳንዱ መደብ በእጁ የጻፈው ካርድ ተተክሎለታል። ሃያ ሰባተኛው መደብ፣ የፑንጃብ ማሳ ሁሉ በዋግ ተመቶ ገበሬው ባለቀሰበት ዓመት ንፁህ ሆኖ የቆመው ነው። መጠባበቂያ ዘሩ የነበረበት መጋዘን ከሁለት ዓመት በፊት «የዓለም አቀፍ ደረጃ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት» ሆነ። የዘሩን ማቀዝቀዣ ኮሪደር ላይ አወጡት፣ ሶኬቱንም ለማተሚያ ማሽኑ ነቀሉት። ከዚያ ሙቀት የተረፈችውን እፍኝ እፍኝ ዘር ዘንድሮ ጠቅላላ ዘራት። ይህች ካልደረሰች ሌላ የለም።

ፍሬው ገና ወተት እንዳለ፣ ለዘር ሳይበቃ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ፕሮፌሰር ቼማ አስጠሩት።

«ዶክተር ሳሂብ፣ እንኳን ደስ አለዎት! የስንዴ ምርምር የልህቀት ማዕከል ልንገነባ ነው። አሥር ፎቅ! ዳይሬክተሩም እርስዎ ነዎት።»

«የት ላይ ጌታዬ?»

«ማሳዎ ላይ ነዋ! ስንዴው ያለው እዚያ አይደል እንዴ?»

ጋዛንፈር የሚስቅበትም የሚያለቅስበትም ጠፋው። «እስከ አጨዳ ድረስ ይታገሱኝ። አንድ ወር ብቻ።»

«ሚኒስትሩ የመሠረት ድንጋይ ሊጥሉ የሚመጡት ሐሙስ ነው። ግን አይስጉ፣ ድንጋዩን ጠርዝ ላይ ነው የምናስቀምጠው። ግንባታውንማ ያውቁናል እኮ! እስኪጀመር እርስዎ አሥር ጊዜ ያጭዳሉ።»

ይህንን አመነ። ቢሮው ተመልሶም ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ደብዳቤ እንደ ልማዱ ሳያነብ እየፈረመ ጨረሰ። ከዚያ የማሳው ዘበኛ የሆኑትን ሽማግሌ፣ አላህ ዲታን፣ አደራ አላቸው። «ቻቻ፣ አጎቴ፣ ፍየል እንዳይገባ፤ ተማሪም እንዳይገባ።»

ሐሙስ መምህራኑ በሙሉ ካባቸውን ለብሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በዋናው በር ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ሚኒስትሩ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ጋዛንፈር እግሩ ደንዝዞ ማሳው አጠገብ ወደተተከለው ድንኳን ሲደርስ በየእንግዳው እጅ በቀይ ሪባን የታሰረች ትንሽ ነዶ አየ። አረንጓዴ ናት። ዛላዋን ገና ከሩቅ አወቃት።

የፕሮቶኮል ኃላፊው ሹጃት ፊቱ በርቶ ተቀበለው። «አዩልኝ ዶክተር ሳሂብ? አበባማ ሰለቸ! ለስንዴ ማዕከል ስንዴ! ሐሳቡ የኔ ነው።»

«ከየትኛው መደብ ነው የቆረጥከው?»

«ከሁሉም! አንዱን ካንዱ አላበላለጥንም፤ ቀላቅለን ነው ያሰርነው። እነዚያን ቆሻሻ ካርዶች ደግሞ ነቅለን ጣልንልዎት፣ ለፎቶ አይሆኑም።»

አላህ ዲታ ከድንኳኑ ጀርባ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። «ከፍየል ጠብቅ አሉኝ፣ ጠበቅኩ። ከተማሪ ጠብቅ አሉኝ፣ ጠበቅኩ። እነዚህ ግን ማኅተም ያለው ወረቀት ይዘው መጡ፤ ፊርማው ደግሞ የእርስዎ ነው!»

ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበለ። «ለዝግጅቱ የሚያስፈልገው የስንዴ ግብዓት ከማሳው እንዲወሰድ ተስማምቻለሁ» ይላል። ፊርማው የራሱ ነው። በሹጃት ላይ ሊጮህ የከፈተውን አፉን ዘጋ፤ በራሱ አፈረ።

መድረክ ላይ ጠርተው ከሚኒስትሩ ጎን አቆሙት። ሚኒስትሩ ነዶዋን አሸተቱና «ይህ ስንዴ ምን ይባላል?» አሉ።

«በክቡርነትዎ ስም ሰይመነዋል» አሉ ፕሮፌሰር ቼማ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

«እጅግ ደስ ይላል! ታዲያ ገበሬው ዘሩን መቼ ያገኛል?»

ለዚህ ጥያቄ ማንም አልተዘጋጀም። ፕሮፌሰር ቼማ ማይክሮፎኑን ለዳይሬክተሩ አቀበሉት።

«ዘሩ በእጅዎ ያለው ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ጋዛንፈር። «ሌላ የለም።»

ሚኒስትሩ ይህንን እንደ ሙገሳ ቆጠሩት፤ ነዶዋን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። የጋዛንፈር እንባ ያኔ ነው የመጣው፤ መድረክ ላይ መሆኑን እያወቀ ሊይዘው አልቻለም። ፎቶ አንሺው ተሽቀዳድሞ አነሳው። በማግሥቱ ፎቶው የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ «የደስታ እንባ» ተብሎ ወጣ።