ስድስት ወር የተጠራው መልአክ

ሴፕቲመስ ጎሪንጅ በነጭ ቀሚስ ተሸፋፍኖ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ባሰመረው ክብ መሐል ቆሞ፣ ጠባቂ መልአኩን መጥራት ከጀመረ ስድስት ወር ሞላው። ሙያው ፒያኖ መቃኘት ነው። የጥንት አስማት የሚያጠናው የለንደኑ የሰባተኛው ቁልፍ ማኅበር «ይህን ጥንታዊ ጥሪ በየማለዳው የደገመ መልአኩ ይገለጥለታል» ብሎ ወረቀቱን ሰጥቶታል። መልአኩን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላይኛው ፎቅ የምትኖረውን የግሪክኛ መምህርት፣ ሚስ ፓስኮን፣ አግቢኝ ልበላት ወይስ ይቅርብኝ? ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የሴፕቲመስ እናት ግን ሞተዋል፤ እንግዲህ ለማን ይሁን?

መልአኩ ወይ ፍንክች። ይልቁንስ ቤቱ ይራቆት ጀመር። በመጀመሪያ አይጦቹ ጠፉ፤ አከራይዋ ሚሲስ ተብ ደስ አላቸው። ቀጥሎ ድመታቸው ጠፋች። በመጨረሻም ምድር ቤት የነበሩት ጡረተኛ የመርከብ ካፒቴን፣ ማዕበል ያላስደነገጣቸው ሰውዬ፣ ሻንጣቸውን በፈረስ ጋሪ አስጭነው ውልቅ አሉ።

ሐሙስ ማለዳ ሴፕቲመስ ትርጉማቸውን የማያውቃቸውን ስሞች እያንባረቀ ሳለ በሩ ተንኳኳ። መልአኩ መስሎት ከፈተ። ሚስ ፓስኮ ናት።

«ሚስተር ጎሪንጅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማንን ነው የሚያስወጡት?»

«ኧረ እየጠራሁ ነው!»

«እስቲ ወረቀቱን።» ጥቂት እንዳነበበች ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋ ግን አመለጣት። «ይሄ እኮ ግብፅ ከተገኘ ጥንታዊ የግሪክኛ የፓፒረስ ጽሑፍ የተገለበጠ ነው። ጋኔን የያዘውን ሰው ማስለቀቂያ ነበር። ‹እገሌን ከያዘው ጋኔን አድነው› የሚለውን መስመር የት አደረሱት?»

«ማኅበሩ... ለላቀ ዓላማ አውሎታል» አለ፣ ላብ እያጠመቀው።

«ግርማው ማርኳቸው ማስወጫውን መጥሪያ አደረጉታ! ስድስት ወር ሙሉ ውቃቢዎን በዱላ እያባረሩ ለምን አልመጣም ይላሉ?»

ሴፕቲመስ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። «ካፒቴኑን ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ?»

«እኔንም ጭምር። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እየጮኹ ማን ይተኛል? ቅዳሜ ብራይተን ልገባ ነው፤ ቤት ተከራይቻለሁ።»

ሴፕቲመስ እንዲህ ያለ ፍርሃት በሕይወቱ አያውቅም። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው፤ መልአኩ ደግሞ፣ ካለም፣ ስድስት ወር የሸሸበትን መንገድ በሁለት ቀን አይመለስም።

«አይሂዱ» አለ በሹክሹክታ።

«ምን አሉ?»

«አይሂዱ። ያግቡኝ። ይህን ለማለት ነው ፈቃድ ስጠብቅ የከረምኩት።»

ሚስ ፓስኮ ሳቋን አቆመች። ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከዚህ ክፍል ትርጉም ያለው ነገር ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። «እስቲ እንደገና ይበሉት። ሳይጮኹ።»