የኤሲ ፊልትርና የአማቴ አፍንጫ

ሰው ላመላልስበት የኤሌክትሪክ መኪናዬን ስገዛ ሻጩ፣ «ነዳጅ የለው፣ ዘይት የለው፣ ፊልትር የለው፤ ቻርጅ አድርገህ መንዳት ብቻ ነው» አለኝ። እኔም መስማት የምፈልገው ይህንኑ ስለነበር አመንኩት። ከሚሴ ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደ ሊቅ እየደገምኩ አስተማርኩ።

በዚህ እምነቴ ጸንቼ፣ የሰንበቴ ከተማ ገበያ በቆመ ቁጥር ፍየል ጫንኩ። አትፍረዱብኝ። የኋላ ወንበሩን አጥፌ ሸራ አነጥፋለሁ፣ ፍየሎቹ ይገባሉ፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ኤሲው ይከፈታል። ነጋዴው ለራሱ መሳፈሪያ ሲከራከር ለፍየሉ ግን ሳይከራከር ይከፍላል። ፍየል ደግሞ ሙዚቃውን ቀይርልኝ አይልም።

ጉዱ የመጣው ሚስቴ ዓዲላ የመጀመሪያ ልጃችንን እናቷ ዘንድ እንድትወልድ ወደ ባቲ ስወስዳት ነው። ከአየር ማውጫው የወጣው ነገር አየር አልነበረም። ሐርቡ ላይ አስመለሳት፣ ኮምቦልቻ ላይ አስመለሳት፣ ባቲ ስንደርስ እናቷ እግር ሥር አስመለሳት። አማቴ መሪየም አንገታቸውን ወደ መኪናው አስገብተው አንዴ አሸተቱና ፈረዱ።

«ሂንተኡ! አይሆንም! ልጄም፣ የልጄ ልጅም ዳግመኛ እዚህ ውስጥ አይገቡም!»

ልጅቷ ተወለደች፤ አፍናን አልናት። አርባ ቀኗም ሞላ። እስካሁን ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው፤ ያውም አማቴ ራቅ አድርገው ይዘዋት። መኪናው ካልጸዳ ሚስትም ልጅም የለም። በኪራይ መኪና ልውሰዳቸው ብል ደግሞ የባቲ ሰው፣ «ባለመኪናው ሚስቱን በሰው መኪና ወሰደ» እያለ እስክሞት ይስቅብኛል። ከሥራ ስመለስ ግቢዬ ውስጥ ገመዱ ላይ የተሰጣው የራሴ ሸሚዝ ብቻ ነው።

መኪናውን በሳሙና አጠብኩት፣ ሽቶ ነፋሁበት። ሽቶ የተቀባ ፍየል ሆነ።

አክስቴ ፋጡሜ ይህን ሰምታ መጣች። በጨፋ ሸለቆ ሙሉ የወተት ዕቃ በማጠን የሚያህላት የለም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አብሽር» አለችኝ። «ሽታ የያዘ ዕቃ መድኃኒቱ ወይራ ነው። ይኼስ ከቅል በምን ይለያል?»

በምንም እንደማይለይ ተስማማሁ። የሚጤስ ወይራ በገል አድርጋ መኪናው ወለል ላይ አስቀመጠች። የቅል አፍ እንደሚደፋው መስኮቱን ሁሉ ዘጋን። እኔማ ብልጠት ጨምሬ፣ ጢሱ ውስጡ ድረስ ይግባ ብዬ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

ጢሱ ገባ። ገብቶም ቀረ። የከረመ የፍየል ሽታና የወይራ ጢስ ሲጋቡ ምን እንደሚወልዱ ታውቃላችሁ፤ ጥብስ ነው። በማግሥቱ የተሳፈረ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ራበው። አንድ ሽማግሌ ሲወርዱ፣ «ሥጋውን ለማን ነው የምታደርሰው?» አሉኝ። ሥጋ የለም ብላቸው አላመኑኝም፤ የዕቃ መጫኛውን አስከፍተው አዩ።

ተናድጄ መካኒኩ አሚር ዘንድ ሄድኩ። አሚር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቀው ስልኩ ላይ ያየውን ነው፤ ቢሆንም ያያል። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዳሽቦርድ ሳጥን አወጣና እጁን ሰደደ። አንድ አራት ማዕዘን ነገር ስቦ አወጣ።

«ምንድን ነው?»

«የኤሲ ፊልትር። ድሮ ነጭ ነበር።»

የፍየል ጸጉር፣ የጨፋ ጤፍ እብቅ፣ የደረቀ የጫት ቅጠል፣ ከላይ የአክስቴ ጥላሸት። ስተነፍሰው የኖርኩት ይህንን ነው! ሻጩን እዚህ በማይጻፍ ስድብ ሰደብኩት። አሚር፣ «በሳሙና አጥበን እንመልሰው» ሲል ደግሞ ከእጁ ቀምቼ ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት።

አዲሱ ፊልትር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። አሚር ቱቦውን በኮምፕሬሰር ነፍቶ፣ ፊልትሩን ገጥሞ፣ ኤሲውን ከፈተ። ምንም አልሸተተም። ምንም! ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፍርበትም። ልብሴን እንኳ ሳልቀይር በዚያው ወደ ባቲ ነዳሁ።

አማቴ አንገታቸውን አስገቡ። ወንበሩን አሸተቱ፣ ምንጣፉን አሸተቱ፣ አየር ማውጫው ላይ አፍንጫቸውን ተክለው ቆዩ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ፍርዱን ይጠብቃል።

«ማሻ አላህ» አሉ በመጨረሻ። «ንጹሕ ነው።»

ዓዲላ ልጃችንን አቅፋ ከኋላ ገባች። እኔም መሪው ጋ ተቀምጬ በሩን ዘጋሁ። ወዲያው ዓዲላ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች።

«ሙሐመድዘይን፣ ፍየሉ አሁንም አለ።»

«ወላሂ የለም! ፊልትሩ አዲስ ነው!»

አማቴ በመስኮቱ ጎንበስ አሉና እኔን አሸተቱኝ። አንገቴን፣ እጅጌዬን፣ ጸጉሬን፣ አንዱንም ሳይተዉ።

«መኪናው ንጹሕ ነው አልኩ እኮ» አሉ። «አንተ ውረድ።»

ወረድኩ። ጓሮ ወስደው በጄሪካን ውሃና በልብስ ሳሙና አጠቡኝ። ጎረቤቱ በአጥር ላይ እያየ፣ «ከጆሮው ሥር ቀርቷል!» እያለ ያግዛቸዋል። የዓዲላን አባት ሽርጥና ሸሚዝ አለበሱኝ፤ ሸሚዙ እምብርቴ ላይ ቀረ። አማቴ ለመጨረሻ ጊዜ አሸተቱኝ፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፣ ከዚያም ዓዲላን ጠሩ።

«በይ፣ አሁን ስጪው።»

ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፍኳት እንዲያ ሆኜ ነው፤ ሠፈሩ በሙሉ እየሳቀ፣ እኔ እያለቀስኩ።