የጀልባዋ ሰዓት

የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሩ ሁለት ሰዎች የያዘችው ጀልባ አለችበት የተባለው ቦታ ደርሶ ከማዕበል በቀር ምንም አላየም። የጀልባ መከታተያውን ፕሮግራም የጻፈችው ራንቫ ከፍለጋው መሪ ከሄይኒ አጠገብ ቆማ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። የመጨረሻው ምልክት ከዐሥር ደቂቃ በፊት የተላከ ነው ይላል።

«በዐሥር ደቂቃ የት ትርቃለች? ሰምጠዋል ማለት ነው» አለ ሄይኒ።

ራንቫ የእጅ ሰዓቷን አየችና ክው አለች። ዛሬ ሌሊት የፋሮ ደሴቶች ሰዓት ለሞቃቱ ወራት ሲባል በአንድ ሰዓት ወደፊት ተገፍቷል። ጀልባዋ የምትልከው የአገሩን ሰዓት ነው፤ ፕሮግራሙ ግን እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ያነበዋል። ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረበት በብርዱ ወራት ሁለቱ ሰዓቶች እኩል ስለሆኑ ስህተቱን ማንም አላየውም።

«ሄይኒ፣ ዐሥሩ ደቂቃ ላይ አንድ ሰዓት ጨምርበት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ባሕሩ ወደ ምሥራቅ ሲገፋቸው ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ? ነዳጁ የቀረው ለአንድ ፍለጋ ብቻ ነው።»

«ነኝ።»

ሄይኒ ዐይን ዐይኗን አያትና አብራሪውን በሬዲዮ ወደ ምሥራቅ ላከው።

በመጨረሻ አብራሪው ተናገረ። «ጀልባዋ ተገልብጣለች። ሁለቱም ላይዋ ላይ ናቸው፤ በሕይወት አሉ።»

ራንቫ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«በይ ተነሽ፣ ፕሮግራሙን አሁኑኑ አስተካክዪው» አላት ሄይኒ። «ሌሎቹ ጀልባዎችም ባሕር ላይ ናቸው።»