መቶ አሥራ ሰባተኛው ደረት

ምላሴ ክፉ ነው፤ ሰው ሳይነግራችሁ ራሴ ልንገራችሁ። እስክንድርያ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ራጅ አንስቻለሁ። በዚያ ሆስፒታል ቅጽል ስም የሌለው ዶክተር የለም፤ አብዛኛውን ያወጣሁት እኔ እንሺራህ ነኝ። ሰው ሲስቅልኝ ሆዴ ይጠግባል። ስሙ የወጣለት ሰው ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚሆን አስቤ አላውቅም ነበር።

ዶክተር ወዲዕ ቢሻራ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስም ሳይወጣላቸው የኖሩ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ጠዋት ፉላቸውን በዳቦ ይበላሉ፣ ጨለማው ክፍል ይገባሉ፣ እስከ ማታ የሰው ሳንባ ሲያነቡ ይውላሉ። በቀልዴ አይስቁም። አለመሳቃቸውን ንቀት ነው ብዬ ያዝኩባቸው። ዓይናቸው ግን፣ ወላሂ፣ የጉድ ነበር። ሦስት ዶክተር አይቶ ያለፈውን እሳቸው ሻያቸውን እየጠጡ ያገኙታል። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው ያ ጥናት መጣ።

ያመጣው የክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ሙምታዝ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አንተ ይበቃዋል። ሆስፒታሉ ራጅ የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም አስገብቶ ነበርና፣ ማሽኑ ከሽማግሌው ዓይን እንደሚበልጥ በቁጥር ላሳይ አለ። ሁለት መቶ የደረት ራጆች ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ተሰጣቸው። ዶክተር ወዲዕ መጀመሪያ ለብቻቸው ያነባሉ። ከዚያ ያዩትን እንዲረሱት ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። ከስድስት ሳምንት በኋላ እነዚያኑ ራጆች፣ ቁጥራቸው ተለዋውጦ፣ የማሽኑ መልስ አጠገባቸው ተቀምጦ እንደገና ያነባሉ። የትኛው ቁጥር የማን ደረት እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት እኔ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ።

«እናትሽ ብትሞት እንኳ ይቺን ወረቀት እንዳትከፍቻት» አለኝ ሙምታዝ።

«እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው ፕሮፌሰር፤ በሷ አይስጉ» አልኩት። ሳቀልኝ። ደስ አለኝ።

አሁን የማኅተሙን ነገር ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ ከሱ ነው። ከታማሚዎቹ ጋር የሚደባለቅ የጤነኛ ደረት አስፈለገ። «የሠራተኛውን ስጪኝ፤ በየዓመቱ ታይቶ ንጹህ የተባለ ነው» አለ። እውነት ነው፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ሠራተኛው ሁሉ ተሰልፎ ራጅ ይነሳል። «ታይቶ» የሚለው ነው ውሸቱ። የሠራተኛ ራጅ ማንም አያነበውም። ዶክተሮቹ ለበሽተኛው እንኳ ጊዜ አይበቃቸውም፤ ደግሞ በሁለት እግሩ ሥራ የሚገባ ሰው ምን ይሆናል? ስለዚህ «ንጹህ» የሚለው ማኅተም እኔ ጋ ይኖራል። ሻዬን አስቀምጬ፣ ከጓደኛዬ ጋር ወሬ እየሰለቅሁ፣ ቧ ቧ ቧ አደርገዋለሁ። ሰማንያ ሰው በሃያ ደቂቃ። ከኔ በፊት የነበረችውም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ያስተማረችኝም እሷ ናት። የራሴን ያተምኩበትንም ቀን አስታውሳለሁ። «ንጹህ ነሽ እቴ!» ብዬ ለራሴ ስቄያለሁ።

ይህን ለሙምታዝ አልነገርኩትም። የሰማንያ ሠራተኛ ራጅ ከመዝገብ አውጥቼ ሰጠሁት።

ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ንባብ ተጀመረ። ማታ ማታ የዶክተሩን መልስ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሁለቱም ንባብ ሳያልቅ ውጤቱን ማንም መናገር የለበትም፤ ሕጉ ነው። ሙምታዝ ግን በየቀኑ «ሽማግሌው እንዴት ዋለ?» ይለኛል፣ እኔም እነግረዋለሁ። በአራተኛው ቀን መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ፣ በዚያች ጥቃቅን ጽሕፈታቸው፣ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «የቀኝ ሳንባ ላይኛው ጫፍ፣ ከአንገት ሥር ካለው አጥንት ኋላ። ካንሰር ይመስላል። ባስቸኳይ ሲቲ ስካን ይነሳ።» መልሱ ያለበትን ወረቀት አየሁ። እሱ ስም የለውም፤ «ታማሚ» ወይም «ሠራተኛ፣ ጤነኛ» ብቻ ነው የሚለው። መቶ አሥራ ሰባት ሠራተኛ፣ ጤነኛ ነው። ማሽኑም ዘጠና ሰባት በመቶ ጤነኛ ብሎታል።

ወደ ሙምታዝ ሮጥኩ። «ዛሬስ ከገዛ ሠራተኛችን አንዱን ገደሉልን!» አልኩት።

በማግስቱ የጠዋቱ ስብሰባ ላይ ያንን ራጅ ግድግዳው ላይ አበራው። «ክቡራን፣ ይህ ሰው ዛሬ ጠዋት ሥራው ላይ ነው። ዶክተራችን ግን ቀብረውታል» አለ። ወጣቶቹ ዶክተሮች ሳቅ አፈናቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር፣ ምላሴ አላስቆም አለኝ።

«አዝራኤል በሏቸዋ! ነፍስ ወሳጁ መጣ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዶክተር ወዲዕ መነጽራቸውን አውልቀው አጣጠፉት። «የማን ነው?» አሉ።

«አይነገርም። የጥናቱ ሕግ ነው» አለ ሙምታዝ።

«ውጤቱን ለኔ አለመንገርም ሕግ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። በሳቁ መሀል የሰማኋቸው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከሰዓት በፊት ስሙ በር ላይ ደረሰ። ዘበኛው «አዝራኤል ገብተዋል፣ በየአልጋችሁ ሁኑ!» ይላል። ነርሶቹ ሲያልፉ ደረታቸውን ይዘው እያሳሉ «ዶክተር፣ ስንት ቀን ቀረኝ?» ይሏቸዋል። ሻይ የምታመጣላቸው ሴት እንኳ ብርጭቆውን ካስቀመጠች በኋላ እጇን ልብሷ ላይ ትጠርገው ጀመር። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ስቄያለሁም።

በዚያው ማታ ወረቀቷን ከመሳቢያዬ አወጣሁ። ለክፋት ነው፤ የተቀበረው ሠራተኛ ማን እንደሆነ አውቄ ነገ እሱንም ላሾፍበት። ጣቴን እያወረድኩ መቶ አሥራ ሰባት ላይ ደረስኩ።

እንሺራህ ይላል።

ክው አልኩ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለውን ያኔ ገባኝ።

«ታዲያ ሲቲ ስካን አትነሺም ነበር?» ትሉኛላችሁ። ሲቲ ስካኑ ከወንበሬ ሃያ እርምጃ ነው። ፈራሁ፣ ሌላ ምን ልበላችሁ። ተነስቼ ካንሰር ቢገኝስ? «ባለፈው ጥር ማን ነው ንጹህ ያለሽ?» ሊባል ነው፣ የማኅተሙ ጉድ ሊወጣ ነው። ደግሞ ማሽኑ ዘጠና ሰባት በመቶ ብሏል። ማሽን አያረጅም፣ ዓይኑ አይፈዝም አልኩ። ሳል ነበረብኝ፤ የበረሃ አቧራ ነው አልኩ። በመጨረሻ ከራሴ ጋር ተስማማሁ፤ ሁለተኛው ንባብ ላይ ደግመው ካዩት እነሳለሁ፣ ካላዩት ተሳስተዋል ማለት ነው።

የማፍርበትን ልንገራችሁ። በነዚያ ስድስት ሳምንታት አዝራኤል ማለቴን አላቆምኩም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ሰው በሳቀባቸው ቁጥር የጻፉት ነገር ውሸት እየሆነልኝ ይሄዳል። ሽማግሌው የተናቀ ዕለት እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሰኔ ላይ ሁለተኛው ንባብ ሆነ። የኔ ደረት አርባ ሁለት ቁጥር ተሰጥቶት ነበር። ወረቀቱን ከእጃቸው ስቀበል ኮሪደሩ እስኪያልቅ አልጠበቅሁም። አርባ ሁለት፦ «ንጹህ።»

አልሐምዱሊላህ ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ከአንፉሺ ገበያ ትልቅ ዓሣ ገዛሁ፣ ለጎረቤቶቼ ሳይቀር ጠብሼ አበላሁ። ልጄ «እማ፣ ምን ተገኘ?» አለችኝ። «ዕድሜ» አልኳት።

የዶክተር ወዲዕ የመጨረሻ ቀን ሳምንት ቆይቶ ደረሰ። ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ ሲከቱ ገባሁ። ደስታዬ ገና አልበረደም ነበርና እርቅ የምፈልግ መሰለኝ።

«ዶክተር፣ በሁለተኛው ዙርስ ሰው አልገደሉም አሉ!» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አርባ ሁለት ቁጥርን ነው የምትይው? የቀድሞውን መቶ አሥራ ሰባት?»

«እንዴት አወቁት? እንዲረሱት እኮ ነው ስድስት ሳምንት የተጠበቀው።»

«የሰው ስም እረሳለሁ፣ ወይዘሮ እንሺራህ። ደረት አልረሳም።» ፎጣቸውን አጣጥፈው ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጡ። «ያ ነገር እዚያው ነው። አጥንቱ ሸፍኖት ማሽኑ አላየውም። እኔ አሁንም አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ንጹህ ብለው ጻፉ?»

«ጤነኛ ነው አላላችሁኝም? ግድግዳ ላይ አውጥታችሁ፣ ስቃችሁ? ጤነኛ ከሆነ የኔ ንጹህ ማለት አይጎዳውም። ጤነኛ ካልሆነ ደግሞ የሚያውቀው አይጠፋም፤ ጤነኛ ብሎ ያተመለት ሰው አለ። እኔ ደከመኝ። ልጄ ቤት የልጅ ልጄ እንኳ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ አዝራኤል ማለት ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ።»

«ዶክተር... የኔ ነው» አልኩ። «ደረቱ የኔ ነው። ያተምኩትም እኔ ነኝ።»

ፍርሃቴ ቁጣ ሆነና ጮህኩባቸው። «እያዩ ለቀቁኝ! ገደሉኝ እኮ!»

«ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ» አሉ።

ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ተነሱ። እጄን አልያዙም፣ አይዞሽም አላሉኝም። ሲቲ ስካኑ ላይ አስተኙኝና ራሳቸው መስታወቱ ኋላ ቁጭ አሉ። ሲወጡ ፊታቸውን አየሁ። «በጥር ሽንብራ ያክል ነበር» አሉ። «በሚያዝያ ቢሆን ተቆርጦ ይወጣ ነበር። አሁን ጉበት ላይም አለ።»

በማግስቱ ሙምታዝ ቢሮ ገባሁ። ጥናቱ የሚቀርብበትን ጉባኤ እያዘጋጀ ነበር፤ ከካይሮ ድረስ እንግዳ ተጠርቷል። ሁሉንም ነገርኩት፣ ማኅተሙንም፣ ሲቲ ስካኑንም። መቶ አሥራ ሰባትን ከጥናቱ ያውጡልኝ አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ስንት ሠራተኛ ነው ሳይታይ ያተምሽው?»

«ሰማንያውንም።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ስሚኝ፣ ወይዘሮ እንሺራህ። አላህ ይማርሽ። ግን አንድ ሰው ነሽ፤ አንድ ሰው መቶኛውን አይለውጠውም። የሰማንያውን ራጅ እንደገና እንክፈት ካልን ግን ጥናቱም የለም፣ ማኅተሙን የያዘ እጅም ይጠየቃል። የተባረረ ሠራተኛ ደግሞ እዚህ በነጻ አይታከምም። መድኃኒትሽን ማን ይሰጥሻል?»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው ነገሩ፤ እኔም ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያው ስል ኖሬ የለ።

የጉባኤው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሥዕሎቹን በኮምፒውተር እየቀየርኩ የማሳየው እኔ ነኝ፤ በመድኃኒቱ ፀጉሬ ስለረገፈ ሻሽ ጠበቅ አድርጌ አስሬያለሁ። ዶክተር ወዲዕ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ የምስጋና ሽልማት ሊሰጣቸው ነው የተጠሩት። ሙምታዝ ራሱን ቀና አድርጎ መቶ አሥራ ሰባትን አስከፈተኝ።

«የጥናታችን ዋና ፍሬ ይህ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ለብቻው ሲያነብ ጤነኛ ሰው ላይ ካንሰር አየ። ከማሽኑ ጋር ሲያነብ ስህተቱን አረመ። የዚህ ደረት ባለቤት ዛሬም ከኛ ጋር እየሠራ ነው!»

ጭብጨባ ሆነ። ሙምታዝ ሞቀውና ድምፅ ማጉያውን ወደ ሽማግሌው ዘረጋ። «እስቲ ዶክተር፣ ዛሬስ ምን ይታይዎታል?»

ሰው ሳቀ። ዶክተር ወዲዕ ሥዕሉን አላዩም፤ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። የሚናገሩትን የምወስነው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። አንዴ ራሴን ብነቀንቅላቸው ይናገሩ ነበር። ሰማንያውም ይከፈት ነበር፤ ዘበኛው፣ ነርሶቹ፣ ያቺ ሻይ የምታመጣው ሴት። እሷም ካለፈው ወር ጀምሮ ታስላለች። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የመድኃኒት ቀጠሮ ነበረኝ። ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ።

«የታተመበት ነው የሚታየኝ» አሉ ዶክተር ወዲዕ።

አዳራሹ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ደግሞ አጨበጨበ። በሃያ ስድስት ዓመት ሲያስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሙምታዝ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፣ እኔም ቁልፉን ተጫንኩና ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፍን።