የይበልጣል ቅቤ

ውሻዬን ይበልጣል ያልኩት ታላቅ ወንድሜ አስናቀ እንዲሰማው ነው። በአባታችን ተዝካር እኔን ከደጅ፣ ከለማኞች ጎን አስቀምጦ አበላኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ብሆንም ያንን አልረሳም። በቤቱ ባለፍኩ ቁጥር «ና ይበልጣል!» እላለሁ፣ ከአንተ ውሻ ይበልጣል ለማለት።

ጥር ላይ ውሻው ማሳል ጀመረ። ከሳ፣ አንገቱ ላይ እባጭ ወጣበት፣ አንድ ዓይኑ ጨለመ። ጎረቤት «አብዷል፣ ይገደል» ሲል በጋቢዬ አዝዬ ደብረ ታቦር ወሰድኩት። የእንስሳት ሐኪሟ ሠናይት እባጩን በመርፌ ወግታ የቀዳችውን በማይክሮስኮፕ አየች።

«እብደት አይደለም ጋሼ፣ ፈንገስ ነው። እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ዘመድ። በትንፋሽ ገብቶ ሰውነቱን ሁሉ ይዞታል። ዋሻ ውስጥ ይምሳል?»

«የሌሊት ወፍ ያለበትን ሁሉ!»

«ከዚያ ይሆናል። እንክብሉን በየቀኑ ከምግብ ጋር፣ ለወራት። እንዳያቋርጡ።»

አላቋረጥኩም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ባሰበት። ልጣላት ተመለስኩ።

«መድኃኒትሽ ውኃ ነው!»

«በምን ነው የሚሰጡት?»

«በደረቅ እንጀራ ነዋ። ጾም አይደል?»

«ውሻውም ይጾማል?»

«በእኔ ቤት ማን ይፈስካል?»

«ጋሼ፣ ይሄ መድኃኒት ቅባት ካላገኘ ሆድ ገብቶ እንዲሁ ይወጣል። እንደዚህ ከቀጠለ ይሞትብዎታል።»

እንጀራውን በኑግ ዘይት አራስኩለት፤ አሽትቶ ተወው። የገበያ ቀን እስኪደርስ ውሻው አይቆይም። በሰፈራችን ለፋሲካ ቅቤ ያጠራቀመ አስናቀ ብቻ ነው። ላሞቹም የአባቴ ላሞች ናቸው።

ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ዛሬስ ምን እግር ጣለህ?»

«ቅቤ ፈልጌ።»

«በሁዳዴ? ፈሰክህ እንዴ?»

«ለእኔ አይደለም። ለውሻው መድኃኒት ነው።»

«ውሻው ስም የለውም?»

ሚስቱ ትርንጎ ከውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ስንት ዘመን የጮህኩት ስም ነው።

«ይበልጣል» አልኩ።

«ከማን?»

ውሻው እቤት ተኝቶ ሲያቃስት ታየኝ።

«ከእኔ» አልኩት።

አስናቀ ወደ ውስጥ ዞሮ «ስጪው» አለ። ትርንጎ በቅል ሞልታ አመጣችልኝ።

እንክብሉን በቅቤ ጠቅልዬ ሳቀርብለት ዋጠው፣ ጣቴንም ላሰ። ይድን እንደሆን ግን እንጃ፤ ዓይኑ አልበራም። አስናቀ ይቺን «ከእኔ» ያልኳትን ሰንበቴ ላይ ሲያወራት ይከርማል። ያንንም አልረሳም።