አስተናግር

«ልቀቂያት አልኩሽ! ንግግሯን ትጨርስ!»

«ምን ንግግር አለ ጋሼ? ከግድግዳው ጋር እኮ ነው የሚያወሩት!»

ማንአለሽ የአማቷን የወለተ ማርያምን ክንድ አልለቀቀችም። የወለተ ማርያም ገላ እሳት ሆኗል። ፊታቸው ቀልቷል፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የዓይናቸው ብሌን ሰፍቶ ዓይናቸውን በሙሉ ጥቁር አድርጎታል። በግራ እጃቸው የማይታይ ጥጥ እየሳቡ፣ በቀኛቸው የማይታይ እንዝርት ያሾራሉ።

«ና፣ አረፍ በል» አሉ ወደ ባዶው መደብ እያዩ። «እግርህ ሁሉ ጭቃ ነው። አንቺ ማንአለሽ፣ ለባልሽ ውኃ አታመጪለትም?»

ማንአለሽ ሳታስበው ወደ መደቡ ዞረች። ባሏ ቢሆነኝ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እንደ ወረደ ቀርቷል። አብረውት የሄዱት ተመልሰው ወባ ገደለው አሉ፤ የት እንደ ተቀበረ የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

«ሰማሽ?» አሉ የባሏ አባት ታፈረ። «መጥቷል። የት እንደ ተቀበረ ትጠይቀው። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ውሰጂያት።»

«ከዚያ በኋላማ ምናቸውን ልወስድ ነው?»

በሌላ እጇ ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ብልቃጥ አወረደች። በአንደኛው ጥቁር አዝሙድ አለ። በሌላው የነበረው፣ ታፈረ ጥርሳቸውን ሲያማቸው በጭሱ የሚታጠኑት የአስተናግር ፍሬ ነው፤ አሁን ግማሹ የለም። ወለተ ማርያም ጠዋት ለሳላቸው ብለው አዝሙድ በማር ሲያኝኩ አይታቸዋለች። ጉሙ ቤቱን አጨልሞት ነበር፤ ብልቃጦቹም አንድ ዓይነት ናቸው።

«ይዩት ጋሼ። የእርስዎ የጥርስ መድኃኒት ነው።»

ታፈረ አላዩትም። «ፍሬ የሞተ ሰው ይጠራል እንዴ?»

«ታዲያ አስተናግር ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ምን አይቶ ኖሯል? ያናግራል፣ ከዚያ ይገድላል!»

ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ፣ ወገዳ ጤና ጣቢያ ለምትሠራው ነርስ ለሩታ ደውላ ነገሩን አስረዳቻት።

«እንዳታስመልሷቸው» አለች ሩታ። «ወተትም፣ አረቄም፣ ምንም አትስጧቸው። ብቻቸውን አትተዉአቸው፤ ገደል እንኳ ገደል መስሎ አይታያቸውም። ልባቸውስ?»

ማንአለሽ እጇን ደረታቸው ላይ አደረገች። «ይጋልባል። መቁጠር አልቻልኩም።»

«አሁኑኑ አምጧቸው። የቀረውን ፍሬም ይዘሽው ነይ።»

ማንአለሽ ቀድማ ያስጠራችው ጎረቤታቸው በላይነህ ከጎረምሶች ጋር ቃሬዛውን ደጅ ላይ አስቀምጦ ገባ። ሊያነሷቸው ሲሉ ወለተ ማርያም ምሰሶውን አቅፈው ጮኹ።

«ልጄን ጥዬ አልሄድም! ገና አሁን መግባቱ እኮ ነው!»

በላይነህ ጣታቸውን ሊያላቅቅ ታገለ። «እንዴ! ይኼ የእማማ ክንድ ነው?» አለ፤ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

ወለተ ማርያም በድንገት ጩኸታቸውን ትተው ጆሯቸውን ወደ መደቡ ዘንበል አደረጉ። ማንአለሽ እሷም ትንፋሿን ይዛ የምታዳምጥ መሆኗን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

«እህ» አሉ ወለተ ማርያም። «ከወንዙ ማዶ? ከየትኛው ወንዝ ልጄ?»

ታፈረ አንድ እርምጃ ተጠጉ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ያኔ የሚስታቸው አንገት ላይ የደም ሥሩ ሲዘል አዩት። አዩት፤ ዓይናቸውንም አልነቀሉም። የሚስታቸው ከንፈር መልሱን ሊደግም መንቀሳቀስ ጀምሯል።

«ወለቴ» አሉ ፈጥነው። «ልጁ እኮ ወጣ።»

«የት ወጣ?»

«ወደ ወገዳ። ቀደመሽ። ተነሽ፣ እንድረስበት።»

ወለተ ማርያም ምሰሶውን ለቀቁ። «ምነው ሳይነግረኝ?» እያሉ እንደ ሕፃን እጃቸውን ለበላይነህ ሰጡ። ማንአለሽ ብልቃጡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከቃሬዛው ጎን ወጣች። ወዲያው ጉሙ ሰወራቸው፤ የሚሰማው የጎረምሶቹ እግር ጭቃውን ሲረግጥ ብቻ ነበር።

ታፈረ ኋላ ቀሩ። ከደጅ ሆነው በሩን ሊዘጉ ያዙና ቆሙ። ከዚያ ከፈት አደረጉት፤ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቁ ሁሉ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። ትንሽ ቆይተው ዘጉት።