ደምሌና የአባቱ ካብ

ደምሌ ይታየው ዋሽቶ የተጸጸተበት ቀን አልነበረም። እስቴ ውስጥ የእሱ ወሬ ከአውቶቡስ ቀድሞ መካነ ኢየሱስ ይገባል። የቅርስ አጥኚዋ ቃልኪዳን ከቆፋሪዎቿ ጋር መጥታ በማሳው ዳር ያለውን የድንበር ካብ ስትመረምር፣ በተራው ድንጋይ መሀል መስቀልና ሐረግ የተቀረጸባቸው ጥርብ ድንጋዮች አገኘች። ከየት እንደመጡ ብትጠይቀው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ አባቴ ከፈረሰው ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን አምጥቷቸው ነው አለ። ያውም አንዱን በብብቱ፣ ሌላውን በጥርሱ ነክሶ፤ ሦስተኛውን መንገድ ላይ ያገኘው ጅብ አግዞት። ቆፋሪዎቹ በሣቅ ሞቱ።

ወሬው የደብሩ አለቃ መምሬ ወልደማርያም ዘንድ ሲደርስ ጅቡ መንገድ ላይ ቀርቶ ድንጋዩ ብቻ ደረሰ። የታቦት ማደሪያ የነበረ ድንጋይ ከብት ሲታከክበት ኖሯል ማለት ነው። የአባቱ የሙት ዓመት ተዝካር ደርሷል፣ ጠላው ተጠንስሷል። መምሬ ግን ነገሩ ሳይጣራ አንድም ካህን ለፍትሐት እንዳይቆም አዘዙ።

ደምሌ እግራቸው ላይ ወድቆ ዋሽቼ ነው ቢል፣ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው ጠፋ። የቀረችው ቃልኪዳን ናት።

"እቱ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ይሰሙሻል። ካቡ አባቴ ሳይወለድ የነበረ ነው በይልኝ።"

ወደ ካቡ ጥግ ወሰደችው። ቆፋሪዎቹ መስቀል ያለበትን ድንጋይ አንስተው ሥሩን ቆፍረዋል። መዳፏ ላይ የዛገ የባትሪ ድንጋይ አሳየችው።

"ጋሼ ደምሌ፣ ካቡስ የቆየ ነው። ይሄኛው ጥግ ግን ፈርሶ እንደገና የተካበ ነው። ይሄ የተገኘው ከድንጋዩ ሥር ነው።"

በአባቱ ዘመን በሰፈሩ የእጅ ባትሪ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ራሱ አባቱ። በዚህ ጥግ ባለፈ ቁጥር ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። ደምሌ ሙቀት ይመስለው ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ያንኑ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበረከከ። ይቅርታ ለማኝ "አውርድ" እስኪባል አያወርድም።

"ደሞ ዛሬ ምን ይዞ መጣ?" አለች አንዲት ሴት። ሰው ሣቀ።

"ስለ ማን ነው የምትለምን?" አሉት መምሬ።

"ስለ አባቴ። እውነት ነው አባታችን፣ ወስዶታል።"

"ዋሽቼ ነው ብለህ ምለህልኝ አልነበር?"

ደምሌ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አስተካከለ። ካህናቱ ለመማከር ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡ፤ ሰዉም ጥላውን እየዘረጋ ወደየቤቱ መበተን ጀመረ። አውርድ ያለው የለም።